የሠራተኛን የሥራ ተነሣሽነት ለመለካት፦ ለጎንደር ድርጅቶች የትኛው መንገድ ይሻላል?

ፒያሳም ይሁን አዘዞ፣ ከሠላሳ እስከ መቶ ሃምሳ ሠራተኛ ይዞ የሚሠራ ባለ ሆቴል ወይም ባለ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ሥራውን ከልባቸው መያዝ አለመያዛቸውን ለማወቅ ሲነሣ፣ በዋናነት የሚያገኛቸው አማራጮች የአስተያየት ሣጥን፣ የወረቀት መጠይቅ፣ በስልክ የሚሞላ ነጻ ቅጽ እና በክፍያ የሚገኝ የውጭ አገር ሶፍትዌር ናቸው።

ሣጥኑ ርካሽ ቢሆንም አልመክረውም። እኔ በሠራሁበት አንድ ሆቴል ሣጥኑ ከተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተሰቅሎ ቁልፉም በእርሷ እጅ ነበር። አንዲት አልጋ አንጣፊ በጥምቀት ሰሞን ስለተደራረበባት የሌሊት ፈረቃ ጽፋ አስገባች፤ የእጅ ጽሑፏ ታወቀና ተጠርታ ተጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ሥራውን እስከለቀቅሁ ድረስ ከሣጥኑ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልወጣችም።

በወረቀት መጠይቅ ላይ ግን የሚደረገው የራይት ምልክት ብቻ ስለሆነ የማንም የእጅ ጽሑፍ አይለይም። የጥያቄዎቹ ምንጭ ሊታሰብበት ይገባል። ጋሉፕ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት ያዘጋጃቸው 12 ጥያቄዎች በዓለም ላይ የታወቁ ቢሆኑም የባለቤትነት መብት ስላለባቸው ያለ ፈቃድ መገልበጥ አይቻልም። ሻውፌሊና ባከር የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት የዩትሬክት የሥራ ተነሣሽነት መለኪያ አጭሩ ቅጂ ደግሞ 9 ጥያቄዎች ሲኖሩት የሥራ ብርታትን፣ ለሥራ መሰጠትንና በሥራ መመሰጥን ይለካል፤ ለትርፍ ላልሆነ ጥናት በነጻ የሚገኝ ሲሆን ለንግድ ሥራ ግን ባለቤቶቹን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ማንበብ የሚቸግራቸው የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ካሉ ጥያቄውን የሚያነብላቸው ሰው ከድርጅቱ ውጭ ቢመጣ ይመረጣል። ከአምስት ሰው በታች ያለበትን ክፍል ውጤት ለብቻው ማውጣት ደግሞ ስም ጠርቶ ከመናገር አይተናነስም።

ከነጻ ቅጾች መካከል ጉግል ፎርምስ ውጤቱን ራሱ ደምሮ በሥዕል ያሳያል፤ ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ የኢሜይል አድራሻ የሚሰበስበው ማስተካከያም መዘጋቱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ድርጅት ኮቦ ቱልቦክስ ይሻላል፤ መልሱን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ኢንተርኔት ሲገኝ ይልካል፣ ጥያቄዎቹንም በአማርኛ ይቀበላል። የቴሌግራም ድምፅ መስጫ ለአንዲት ፈጣን ጥያቄ ብቻ ይበቃል። የትኛውም ቢመረጥ፣ ስም የተያያዘበት መልስ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መሠረት ጥንቃቄ የሚጠይቅ የግል መረጃ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

እንደ ከልቸር አምፕ ያሉት ሶፍትዌሮች የሚያስከፍሉት በሠራተኛ ቁጥር ልክ ሲሆን፣ ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ትልቁ ጥቅማቸው ውጤትን ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ማነጻጸር ነው፤ ሥራው በጥር 11 አካባቢ የሚጨናነቅ፣ በክረምት የሚቀዘቅዝ የጎንደር ሆቴል ግን ሊነጻጸር የሚገባው ከራሱ የአምና ውጤት ጋር ነው።

ስለዚህ ለመካከለኛ ሆቴል የምመርጠው ወረቀቱን ነው፦ በየዓመቱ ኅዳርና ሚያዝያ ላይ ይሞላ፣ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠራተኞች ምሳ በሚበሉበት ክፍል ይለጠፍ፣ ከሥሩም ድርጅቱ የሚያስተካክለው አንድ ነገር፣ ለምሳሌ አዲሱ የፈረቃ ድልድል፣ ከሚጀመርበት ቀን ጋር ይጻፍ።