የአፈር ምርመራ ለበጋ መስኖ ስንዴ፦ ባሕር ዳር ላይ ያገኘሁት አገልግሎት

ከባሕር ዳር በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ መራዊ አጠገብ፣ በቆጋ መስኖ የሚለማ ሁለት ቃዳ (ግማሽ ሄክታር) መሬት አለኝ። በጋ ላይ ስንዴ መዝራት ከጀመርሁ ወዲህ ማዳበሪያ የምጨምረው ጎረቤቶቼ በሚጨምሩት ልክ ነበር። ይሁን እንጂ ሰብሉ ገና በቡቃያነቱ እየቀጨጨ፣ እንደሚገባው ሳያቆጠቁጥ ስለሚቀር፣ ለተጨማሪ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ላለው ማዳበሪያ) ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ባሕር ዳር ውስጥ ለሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ የአፈር ናሙና አስገባሁ።

የተቀበሉኝ ባለሙያ የመጀመሪያውን ናሙናዬን አልቀበልም ብለው መለሱኝ፤ አፈሩን ያነሣሁት ከአንድ ቦታ፣ ያውም ቀድሞ አውድማ ከነበረ ጥግ ነበርና። ማሳውን ወዲያና ወዲህ እያቋረጥሁ 15 ያህል ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እንድቆፍር፣ በንጹሕ ሳፋ አደባልቄ በጥላ አድርቄ አንድ ኪሎ ብቻ እንዳመጣ፣ ማዳበሪያ በነበረበት ጆንያም እንዳልይዝ አስረዱኝ። የመመለሱ ድካም ቢያበሳጨኝም፣ ከአገልግሎቱ ሁሉ ይበልጥ የማመሰግነው ይህንን ጥንቃቄ ነው።

በውጤቱ የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው) 4.9፣ ተክሉ ሊወስደው የሚችለው ፎስፈረስም ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ባለ አሲዳማ ቀይ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አስረው ሥር ሊስበው ወደማይችል መልክ ስለሚለውጡት፣ አሲዳማነቱን የሚቀንሰውን ኖራ ሳይጨምሩ ማዳበሪያ ብቻ ማብዛት በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ችግሩ የማዳበሪያ ማነስ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ ለዚህ መልስ ብቻ የከፈልሁት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ቅሬታዬ በወረቀቱ አጻጻፍ ላይ ነው። ምክሩ «ፎስፈረስ፦ 20 ኪሎ በሄክታር» ይላል፤ በኤንፒኤስ ከረጢት ላይ ያለው 38 ከመቶ ግን የሚለካው በፎስፌት፣ ማለትም በኦክሳይድ መልክ ነው። 20 ኪሎ ንጹሕ ፎስፈረስ በ2.29 ሲባዛ 46 ኪሎ ፎስፌት ስለሚሆን፣ የሚያስፈልገው ኤንፒኤስ በሄክታር 121 ኪሎ ገደማ፣ ለእኔ ሁለት ቃዳ ደግሞ 60 ኪሎ ያህል ነው። እኔም የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያም ቁጥሩን በፎስፌት አንብበን 53 ኪሎ በሄክታር ብለን ነበር፤ ስልክ ባልደውል ኖሮ ከግማሽ በታች ልዘራበት ነበር። ስለ አጨማመሩም ወረቀቱ አንድ ቃል የለውም። ፎስፈረስ እንደ ናይትሮጅን ከውሃ ጋር በአፈር ውስጥ ስለማይጓዝ፣ የናይትሮጅን ማዳበሪያው ዩሪያ ተከፋፍሎ ቢሰጥም ኤንፒኤስ ግን በዘር ወቅት በአንድ ጊዜ፣ በመስመሩ ውስጥ ከዘሩ አጠገብ መግባት ይኖርበታል። በብተና ሲሰጥ ከብዙ አፈር ጋር ስለሚገናኝ የሚታሰረው ይበዛል። በተለይ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በታኅሣሥ ሥሩ እድገቱ ስለሚዘገይ፣ ምግቡ ሩቅ ከሆነ አይደርስበትም።

ሌላው ጉድለት መዘግየቱ ነው። ውጤቱ የመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲሆን፣ ኖራ ደግሞ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ስላለበት፣ ለኅዳሩ ዘር የደረሰልኝ አንዱ ቃዳ ብቻ ነበር። ከእርሱ ዘጠኝ ኩንታል ተኩል፣ ኖራ ካልነካው ደግሞ ሰባት ኩንታል አገኘሁ። የአንድ ዓመት ውጤት ነውና፣ ውሃውም ለሁለቱ እኩል ደርሷል ብዬ ስለማልምል፣ ልዩነቱን ሁሉ ለኖራው አልሰጥም።

ፎስፈረሱ በቂ ሆኖ የተገኘበት ገበሬም ቢሆን ምርመራው ይጠቅመዋል፤ ያልተፈለገው ማዳበሪያ በጎርፍ ከሚታጠበው አፈር ጋር ጣና ገብቶ እምቦጭን ከማደለብ ይተርፋልና። ሁለተኛውን ቃዳ እዚያው ቤተ ሙከራ አስመረምራለሁ፤ ናሙናውን ግን መስከረም ሳልጠብቅ፣ ስንዴው እንደታጨደ በሚያዝያ አስገባለሁ፤ ምክሩም በፎስፌት ተሰልቶ እንዲጻፍልኝ ናሙናውን ሳስረክብ እጠይቃለሁ።