ኮድ ማንበቢያዬ ከወራት በኋላ፦ ኢኤልኤም 327 በያሪስ ላይ

ክብሪት የምታክለዋን ባለ ብሉቱዝ ኢኤልኤም 327፣ ማለትም የመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ላይ ተሰክታ የብልሽት ኮድና የሞተር መረጃ ወደ ስልክ የምትልከዋን ዕቃ፣ በ2007 ሞዴል ያሪሴ ላይ ስጠቀም ወራት አልፈዋል። በአዳማ ሙቀትና አቧራም፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወጣው ፈጣን መንገድም ፈትሻታለሁ። ዋጋዋ ከአንድ አዲስ ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው ዕቃ) ያንሳል። ኮድ ለማንበብ ብቻ ከገዛችኋት ግን ዋናው ጥቅሟ ያመልጣችኋል።

ለምን እንደሆነ በአንድ ብልሽት ላሳያችሁ። ቼክ ኢንጂን በራ፣ ማንበቢያዋም ፒ0171 አወጣች። ሞተሩ ውስጥ ከቤንዚኑ አንጻር አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ያሳየሁት መካኒክ ኮዱን እንደሰማ «ኦክስጅን ሴንሰር ይቀየር» አለ። የአየሩን መብዛት ያወቀውና የተናገረው ግን ያው ሴንሰር ነው፤ ሥራውን የሠራ ዕቃ ለምን ይጣላል?

ቶርክ የተባለውን አፕ ከፍቼ ፊውል ትሪም የሚለውን፣ የአጭሩንም የረጅሙንም ጊዜ ደምሬ አየሁ። የመኪናው ኮምፒውተር የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ለማስተካከል ስንት በመቶ ቤንዚን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሰላም ነው፤ ከ10 ካለፈ ያጠራጥራል። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ከ20 በላይ ነበር። ነዳጅ ረግጬ ወደ 2,500 ዙር ሳደርሰው 5 አካባቢ ወረደ። ነገሩ የተፈታው እዚህ ጋ ነው። በስንጥቅ ሾልኮ የሚገባ አየር ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ድርሻው ትልቅ ነው፣ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ግን እዚህ ግባ አይባልም። በተቃራኒው ጭነት ሲጨምር ቁጥሩ ቢያድግ ኖሮ የነዳጅ ፓምፑን፣ ፊልትሮውን ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰርን ነበር የምጠረጥረው።

ኮፈኑን ከፍተን የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ዳሰስን። ከሞተሩ የላይ ክዳን (ቫልቭ ክዳን) አየር ወደ ሞተሩ ወደሚያስገባው ማኒፎልድ የምትሄደው አጭሯ ቱቦ በሙቀት ደርቃ በታች በኩል ተሰንጥቃለች። ከላይ ለሚያያት ደህና ናት፤ በጣት ጫን ሲሏት ነው ስንጥቁ የሚከፈተው። እሷ ተቀየረች፣ ኮዱም ጠፋ፣ ቁጥሩ 3 አካባቢ ረጋ። ሴንሰሩ እስከ ዛሬ የድሮው ነው።

ሌላው የወደድኩት የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት ማየት ነው። ያሪስ ጌጅ የላትም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላት። ከአዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለው አዲስ አበባ ለሚወጣ ሰው በዲግሪ ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነው። የኔዋ 90 አካባቢ ትቆያለች፤ 100ን ማለፍ ከጀመረች ቀዩን ሳልጠብቅ ዳር ይዤ እቆማለሁ።

አደራ፣ ኮድ ከማጥፋታችሁ በፊት ፍሪዝ ፍሬሙን ስክሪንሹት አንሱት። ብልሽቱ ሲመዘገብ የነበረው ዙር፣ ፍጥነትና ሙቀት እዚያ አለ፤ ኮዱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚያይላችሁ ባለሙያ ባዶ እጁን ነው የሚጀምረው።

ጉድለቷ፦ የኤርባግና የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን) ኮድ በኔ አፕ አታነብም። ሶኬቷ ቁልፍ ቢዘጋም ቀጥታ ከባትሪ ኃይል ስለሚያገኝ መኪናው ለቀናት የሚቆም ከሆነ ንቀሏት።

ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የካናዳው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ኮፒዎች ናቸው፤ ስሪት 2.1 ከተባሉት ውስጥ አንዳንድ ትዕዛዝ የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። አይፎን የያዘ ሰው ባለ ዋይፋዩን ወይም ለአይፎን የሚሠራ ብሉቱዝ ያለውን ይጠይቅ። በተለይ የቆየ የጃፓን ቪትዝ ያላችሁ፣ ባለ 16 ፒኑ ሶኬት ስላለ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ሻጩ ፊት መኪናችሁ ላይ ሰክታችሁ የሞተሩ ዙር ስልካችሁ ላይ ሲንቀሳቀስ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።