ምስጋና ለፕሮፌሰር አለን ቲታ፣ ጥቆማ ለምጥ ክፍልና ለኦፕሬሽን ክፍል ባልደረቦች

ካሜሩን ተወልደው ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም የሚሠሩት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ፕሮፌሰር አለን ቲታ ምስጋና ይገባቸዋል። ከወሊድ በኋላ በሚመጣ ኢንፌክሽን ላይ ያሳተሟቸውን ሁለት ጥናቶች በምጥም በኦፕሬሽንም ለምታዋልዱ ሁሉ እንጠቁማለን። ሁለቱም በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጡ ናቸው፤ አንዱ በ2016፣ ሌላው በ2023 እ.ኤ.አ.።

ከ2016ቱ ጀምሩ። ምጥ ከያዛት ወይም የእንሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ በኦፕሬሽን የምትወልድ እናት ኢንፌክሽን ለመከላከል ከሚሰጠው ከተለመደው አንቲባዮቲክ ከሴፋዞሊን ጋር 500 ሚሊ ግራም አዚትሮማይሲን (ሌላ አንቲባዮቲክ) በደም ሥር ቢጨመርላት ምን ይለወጣል? በ14 የአሜሪካ ሆስፒታሎች 2,013 እናቶች ተሳትፈዋል። የማህፀን ኢንፌክሽን፣ የቁስል መመርቀዝና ሌላ ኢንፌክሽን አንድ ላይ ሲቆጠሩ ከ12.0 ወደ 6.1 በመቶ ወረዱ። ቁስሉ ለብቻው ሲታይ ከ6.6 ወደ 2.4 በመቶ ነው። በግምት 17 እናቶች ሲሰጣቸው አንዷ ከኢንፌክሽን ትድናለች ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር በእኛ ሙያ ብዙ አይገኝም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሴፋዞሊን የሚሠራው ባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳውን እንዳይገነባ በማገድ ነው፤ ዩሪያፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ከነአካቴው ግድግዳ የለውም። ምጥ ሲረዝም ወይም ውሃው ሲፈስ ከታች ወደ ማህፀን ይወጣል፣ ሴፋዞሊን ቢጨመርም አይነካውም። አዚትሮማይሲን ፕሮቲን እንዳይሠራ ስለሚያግደው ይደርስበታል። ምጥ ሳይጀምራትና ውሃዋ ሳይፈስ በቀጠሮ በኦፕሬሽን የምትወልደዋ እናት በጥናቱ ያልተካተተችው ለዚህ ነው፤ ውጤቱን ለእሷ አትዋሱ።

አሰጣጡ ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። የ500 ሚሊ ግራሙ ቫያል በ4.8 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውሃ ይሟሟል፤ ከዚያ በ250 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ተበጥብጦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይንጠባጠባል። በሲሪንጅ በአንዴ አይገፋም፣ በጡንቻም አይወጋም። ሴፋዞሊኑ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ይገባል፤ እትብት እስኪታሰር መጠበቅ የድሮ ልማድ ነው። አዚትሮማይሲን ተጨማሪ ነው እንጂ የሴፋዞሊን ምትክ አይደለም። ሴፋዞሊን ሲጠፋ እሱን ብቻ ሰጥቶ «ጥናቱን ተከትለናል» ማለት ራስን ማታለል ነው።

የ2023ቱ ጥናት ሰፊ ነው፦ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ዛምቢያ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽና ጓቲማላ፤ 29,278 እናቶች። እርግዝናቸው 28 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሆኖ በምጥ ለመውለድ የተዘጋጁት በምጥ ላይ ሳሉ 2 ግራም አዚትሮማይሲን፣ ማለትም የ500 ሚሊ ግራም አራት ፍሬ፣ አንዴ ብቻ በአፍ ወሰዱ። ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን አካልን ሲጎዳ የሚመጣ ከባድ ሕመም) ወይም ሞት ከ2.4 ወደ 1.6 በመቶ ወረደ። ቅነሳው የመጣው ከሴፕሲሱ ነው፤ የእናቶች ሞት በሁለቱም ወገን 0.1 በመቶ አካባቢ ስለነበር «ሞትን ቀነሰ» ብሎ መጥቀስ ትክክል አይደለም። ለእናቶቹ ያለው ጥቅም በመሐል ግምገማ ስለታየ ምዝገባው ከታቀደው ቀድሞ ቆሟል።

በሕፃናቱ ግን ለውጥ የለም፦ ሞቶ መወለድ፣ የጨቅላ ሞት ወይም ሴፕሲስ 10.5 በመቶ መድኃኒቱን በወሰዱት፣ 10.3 በመቶ ባልወሰዱት። ይህ በዋናው ውጤት ውስጥ ጎላ ብሎ ተጽፏል፤ ለእኛ ፕሮፌሰሩን የሚያስመሰግናቸው አንዱ ይህ ነው። ለአራስ ልጅ መከላከያ ነው ብላችሁ አትስጡ።

ለእያንዳንዷ ወላድ ከመስጠታችን በፊት ባክቴሪያው መድኃኒቱን የመልመዱን ነገር ማሰብ ግድ ነው። አዚትሮማይሲን ለትራኮማ (የዓይን ማዝ) ዘመቻም የምንጠቀምበት መድኃኒት ስለሆነ ጉዳዩ በእኛ አገር ይከብዳል። የዋርዱ ፕሮቶኮል ሳይፈቅድ በግል ውሳኔ መጀመር አይገባም።

ጥናቶቹን ስታነቡ ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ማን እንዳልተካተተ እዩ። የልብ ምት መዛባት ያለባት አልተካተተችም። ትኩሳት ይዟት፣ የሚሸት ፈሳሽ እየፈሰሳት የመጣችዋም እንዲሁ። የማህፀን ኢንፌክሽን ለያዛት እናት አራት ፍሬ ክኒን አይበቃትም፤ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን በደም ሥር ተጀምሮላት ቶሎ መውለድ አለባት።