ከፊት 16 ሰርቨር፣ ከኋላ ባዶ ቀፎ፦ ያገለገለ ብሌድ ቻሲስ ልትገዙ ያሰባችሁ ተጠንቀቁ

ሰሞኑን በቴሌግራም የመሸጫ ቻናሎች ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ደጋግሜ አያለሁ። «ኤችፒ ሲ7000 ብሌድ ቻሲስ፣ 16 ሰርቨር፣ ሙሉ ዕቃ፣ የዱባይ፣ ቀድሞ ለመጣ»። ፎቶው ሁሌም ከፊት ነው። ዋጋው አንድ ደህና ሰርቨር የሚገዛ ያህል ነው። ይህን አይቶ ልቡ የማይሸፍት የአይቲ ሰው የለም። እባካችሁ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ዕቃውን ለማያውቅ በአጭሩ ልበል። ሲ7000 ኤችፒ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ትልቅ ቀፎ ነው። ቁመቱ 10 ዩ ነው (ዩ የራክ፣ ማለትም የሰርቨር መደርደሪያ፣ የቁመት መለኪያ ነው)። ከፊቱ 16 ባለግማሽ ቁመት ወይም 8 ባለሙሉ ቁመት ሰርቨር ይሰካበታል። እነዚህ ቀጫጭን ሰርቨሮች ናቸው ብሌድ የሚባሉት። አንድ ብሌድ የራሱ ፓወር ሰፕላይ የለውም። የራሱ ፋን የለውም። የኔትወርክ ገመድ የምትሰኩበት ቀዳዳም የለውም። ሁሉንም የሚያገኘው ከቀፎው ነው፤ መሃል ላይ ባለው ሚድፕሌን በሚባል ሰሌዳ በኩል። ስለዚህ ብሌዱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ቀፎው ጎዶሎ ከሆነ አይነሳም።

ሸወዳው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቻሲሱ ከትልቅ ድርጅት ሲወጣ ሙሉ ነበር። ከዚያ በየእጁ ሲያልፍ ሰዎቹ ይፈታቱታል። ፋኑ ለብቻ፣ ፓወር ሰፕላዩ ለብቻ፣ ስዊቹ ለብቻ ይሸጣል፤ እንደዚያ ሲሆን የበለጠ ያወጣላ። መጨረሻ ላይ የሚተርፈውን ከባድ ብረት ማንም አይፈልገውም። እሱ ነው «ሙሉ ዕቃ» ተብሎ ለእናንተ የሚቀርበው።

የማውቀው አንድ ልጅ ለመሥሪያ ቤቱ ሊገዛ ቀብድ ከፍሎ «አብረን እንየው» ብሎኝ ሄድን። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ቀረብ ብዬ እያንዳንዱን ብሌድ በእጄ ነካሁ። ከ16ቱ ስምንቱ ብላንክ ናቸው። ብላንክ ማለት ባዶውን ቦታ የሚዘጋ፣ ፊቱ ብሌድ የሚመስል ክዳን ነው። ክፋት የለውም፤ እንዲያውም አየሩ በትክክል እንዲዘዋወር የግድ ያስፈልጋል። ግን ሰርቨር አይደለም። ከታች ደግሞ ስድስት የፓወር ሰፕላይ ቦታ አለ። ሁለቱ እውነተኛ ናቸው፣ አራቱ ክዳን። በፎቶ ላይ ይህ ሁሉ ፈጽሞ አይለይም።

«ዞር አድርጉልን፣ ኋላውን እንየው» አልን። «ይከብዳል ወንድሜ፣ ኋላው ያው ነው» አለ ሻጩ። እንደምንም ጎትተን አዞርነው። አሥር ፋን ይወስዳል፤ ያለው አራት ነው። በአራት ፋን የምታስነሱት ሁለት ብሌድ ብቻ ነው፤ ቀፎው ራሱ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ስምንት የስዊች ቦታ አለ፤ ሁለት ነበረበት፣ ሁለቱም የፋይበር ቻናል ስዊቾች። እነሱ ከስቶሬጅ ጋር ለመገናኘት እንጂ ለተራ ኔትወርክ አይሆኑም። ብሌዱ ላይ የተገጠመው የኔትወርክ ካርድ የሚወጣው በቦታ 1 እና 2 ነው። እዚያ የኢተርኔት ስዊች ወይም ፓስ ስሩ (የብሌዱን ኔትወርክ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያወጣ ክፍል) ከሌለ ስምንቱም ብሌድ ቢነሱ ፒንግ እንኳን አይደርሳቸውም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ኦንቦርድ አድሚኒስትሬተሩ ነው። ቀፎውን የሚያስተዳድረው አእምሮ እሱ ነው። ፋኑን የሚያዘው፣ ኃይል የሚያከፋፍለው፣ አዲስ ብሌድ ሲሰካ «ተነሳ» ብሎ የሚፈቅደው እሱ ነው። ሁለት ይገባል፤ አንዱ ዋና፣ አንዱ መጠባበቂያ። መደርደሪያው ተገጥሞ አየሁና ደስ አለኝ። መቆለፊያውን ሳብ ሳደርገው ውስጡ ባዶ ነው። ሁለቱም የሉም። ሻጩን ስጠይቀው «እሱ አክሰሰሪ ነው፣ ለብቻ እናመጣልሃለን» አለኝ። ልጁ ቀብዱን ለማስመለስ ምን ያህል እንደተጨቃጨቀ አልነግራችሁም። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማህተም ነበር።

በነገራችን ላይ ሻጮች በሁለት ፓወር ሰፕላይና በአራት ፋን «ሲመረትም እንደዚህ ነው» ይሏችኋል። ይህ እውነት ነው። ኤችፒ በዚያ መጠን መነሻ አድርጎ ይሸጠው ነበር። ለ16 ሰርቨር ግን አይደለም።

አሁን ወደ መብራቱ። የኛ አገር 220 ቮልት ስለሆነ በቮልቴጅ ችግር የለም፤ ቀፎው ከ200 እስከ 240 ይቀበላል። ችግሩ አምፔሩ ነው። አንዱ ፓወር ሰፕላይ 2450 ዋት ከሆነ፣ ስድስት ገጥማችሁ ግማሹን መጠባበቂያ ብታደርጉ እንኳ ቀፎው እስከ 7350 ዋት ሊስብ ይችላል። በ220 ቮልት ከ33 አምፔር በላይ ማለት ነው። ሁለት የእንጀራ ምጣድ ሌትና ቀን አንድ ላይ እንደማብራት አስቡት። በተራ የግድግዳ ሶኬትና በ3 ኪሎ ቮልት አምፔር ዩፒኤስ የሚታሰብ አይደለም። ገመዱም ኮምፒውተር ላይ የምናውቀው ቀጭኑ አይደለም፤ ሲ19 የሚባለው ወፍራሙ ነው። እሱም አብሮ ካልመጣ ለብቻው ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

አንድ ደግሞ በጣም ጥቂት ሰው የሚያውቀው ወጥመድ አለ። ቻሲሱ ከቴሌኮም ጣቢያ የወጣ ከሆነ መብራት የሚገባበት ክፍል የ-48 ቮልት ዲሲ ሊሆን ይችላል። የምትሰኩበት ሶኬት ቤታችሁም ቢሯችሁም የለም። የሶስት ፌዝ የሆነም አለ። ስለዚህ ከኋላ ታች ያለውን መግቢያ አይታችሁ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ፣ ፎቶ አንሱት። ስድስት ለየብቻ የቆሙ የሲ20 መግቢያዎች ካያችሁ ነጠላ ፌዝ ነው፤ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ፈርምዌሩም (ዕቃው ውስጥ የተጫነው የራሱ ሶፍትዌር) ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ድሮ የወጣ ኦንቦርድ አድሚኒስትሬተር አዲሱን የጄን9 ወይም የጄን10 (9ኛ ወይም 10ኛ ትውልድ) ብሌድ አያውቀውም። ማዘመን ያስፈልጋል። የሰርቨሮቹን ባዮስ (ሰርቨሩን የሚያስነሳውን ፈርምዌር) ማዘመን ስትፈልጉ ደግሞ ሌላ የተዘጋ በር ይጠብቃችኋል፤ ኤችፒ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕሮላያንት (የሰርቨሮቹ የምርት ስም) ባዮስ የሚሰጠው ዋስትና ወይም የድጋፍ ውል ላለው ነው። ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለቱም የለውም።

የይለፍ ቃሉ ጠፍቷል ካሏችሁ ግን አትደንግጡ። በሲሪያል ገመድ ገብቶ፣ የሪሴት ቁልፉን ይዞ መቀየር ይቻላል። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሻጩ የይለፍ ቃሉን ካላወቀ ገብቶበት አያውቅም ማለት ነው። ገብቶበት የማያውቀውን ዕቃ ታዲያ መቼ ነው «ተፈትሿል» ያለው?

ለመፈተሽ ደግሞ ከባድ አይደለም። ከፊት፣ ከብሌዶቹ በታች፣ ትንሽ የቀለም ስክሪን አለች። መብራቱን ሰክታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። መጀመሪያ ፋኖቹ ይጮኻሉ፤ በሙሉ ፍጥነት ሲዞሩ እርስ በርስ መነጋገር አይቻልም። ከዚያ ረገብ ይላሉ። ካልረገቡ አንድ ነገር አለ። ስክሪኗ ላይ ሄልዝ ሰመሪ የሚለውን ክፈቱ። የፊቱንም የኋላውንም ክፍል በሥዕል ታሳያችኋለች፤ የጎደለውም የተበላሸውም እዚያው ይታያል። ችግር ካለ ስክሪኗ ወደ ብርቱካናማ ትቀየራለች። ይህን ሳታዩ ብር አትላኩ። «እዚህ መብራት አይችልም» ካሉ፣ ወደሚችልበት ወስደው ያሳዩ።

ሳይሰካም ቢሆን የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ባዶ በሆነ የብሌድ ቦታ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ጥግ ላይ የሚድፕሌኑ ማያያዣዎች ይታያሉ። የታጠፈ ፒን ካለ ተዉት። ያቺን ሰሌዳ ለመቀየር ቀፎውን ሙሉ በሙሉ መፍታት ነው።

ሌላው ክብደቱ ነው። ሙሉው ሲ7000 እስከ 218 ኪሎ ይደርሳል፤ ባዶውንም ቢሆን ለሁለት ሰው አትሞክሩት። ጥልቀቱ 81 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን አጫጭር ራኮች እርሱት። ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ያለ ቢሮም ያው ነው።

የምትገዙ ከሆነ ውሉ ላይ «አንድ ቻሲስ» ብላችሁ አትጻፉ። ስንት ፋን፣ ስንት ፓወር ሰፕላይ፣ ስንት ብሌድ ከነትውልዱ፣ ስንት ኦንቦርድ አድሚኒስትሬተር፣ በየትኛው ቦታ የትኛው ስዊች፣ ሁሉም ከነሲሪያል ቁጥሩ ይጻፍ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ሲያቅማማ ካያችሁ ሂሳቡ ገብቶታል ማለት ነው። ሶስት አራት ሰርቨር ብቻ ለሚያስፈልገው ቢሮ ግን፣ በኔ እምነት፣ ይህ ዕቃ ከነጭራሹ አይሆንም። ያገለገሉ ተራ የራክ ሰርቨሮች ይሻሉታል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላውን አይጎትተውም።

የሲስኮውን የብሌድ ቀፎ፣ ዩሲኤስ 5108ን፣ ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀድሙ፦ ፋብሪክ ኢንተርኮኔክቱ አብሮ አለ ወይ? ቀፎውን የሚያስተዳድርና ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ፣ ከራክ አናት ላይ ለብቻው የሚቀመጥ ሌላ ዕቃ ነው። 5108 ያለ እሱ አይሠራም፤ ከዚህ ውጭ የሚሆነው 6324 የሚባለው ትንሹ ዓይነት እዚያው ቀፎው ውስጥ ተሰክቶ ከመጣ ብቻ ነው። ኢንተርኮኔክቱ ቢኖርም የስንት ፖርት ላይሰንስ እንዳለው ጠይቁ። ማስታወቂያው ላይ ስለ ኢንተርኮኔክቱ አንዲት ቃል ከሌለች፣ ዕቃው አብሮ የለም ብላችሁ ዋጋችሁን አውሩ።