ብሊቸር ሪፖርት ወይስ ዘ አትሌቲክ፣ የቱ ይሻላል?

ሁለቱም የአሜሪካ ድረ-ገጾች ናቸው፣ ስፖርት ነው የሚጽፉት ግን አመጣጣቸው ሰማይና ምድር ነው።

ዋጋ፦ ብሊቸር ነፃ ነው፣ በማስታወቂያ ነው የሚኖረው። አትሌቲክ በ2016 ቺካጎ ላይ ሲጀመር ጀምሮ ክፈልና አንብብ ነው።

ጸሐፊ፦ ብሊቸር መጀመሪያ ያስጻፈው ደጋፊዎችን ነበር፣ አብዛኞቹን በነፃ፣ ስላይድሾው ትዝ ይላችኋል? አስር ተጫዋች ለማየት አስር ጊዜ "ቀጣይ" መጫን፣ ኤጭ! ያም ሆኖ ተርነር የሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኩባንያ በ2012 ገዛው። አትሌቲክ ግን ከየከተማው ጋዜጣ አንጋፋ ዘጋቢዎችን በደሞዝ እየነጠቀ ነው ያደገው፣ በ2019 እንግሊዝ ሲገባም ያንኑ ደገመው።

ሪስክ፦ ደህና ዘጋቢ ውድ ነው፣ አትሌቲክ ሲከስር ቆይቶ በ2022 ኒውዮርክ ታይምስ በ550 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለው፣ በዓመቱ ታይምስ የስፖርት ዘገባውን ለአትሌቲክ ትቶ የራሱን የስፖርት ዴስክ ዘጋ።

ታክሲ ውስጥ ውጤትና ቪዲዮ ለማየት ብሊቸር ይበቃል። እሁድ ቡና ይዞ ረጅም ትንታኔ ለሚያነብ አትሌቲክ፣ የሚከፍል ካርድ ካላችሁ ማለቴ ነው።