ጅማ ውስጥ ኩላንት ብላችሁ ቀይ ቀለም የገባበት ውሃ እንዳትገዙ

የጅማ ባለመኪናዎች፣ በተለይ ቤተሰብ ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትመላለሱ፣ ይህንን ሳታነቡ ራዲያተራችሁን አታስሞሉ። መርካቶ አካባቢ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ከአንዱ የገዛሁት ቀይ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ነው። የመኪናዬ ሞተር ተበላሽቷል፤ የእናቴ የዓይን ሕክምና ቀጠሮ አልፏል። ሻጩ ደግሞ በሠራተኞቹ ፊት ስቆብኛል። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ሳቅ ነው።

ሱቁን ታውቁታላችሁ። ዕቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ ደጃፉ ላይ መካኒክ ቆሟል፣ ባለቤቱ ቀና ብሎ ሳያያችሁ «ኦሪጅናል ነው ሌላ?» ይላል። ኦሪጅናል ስትሉ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። እኔም ከፋሲካ በኋላ እጥፉን ከፍዬ በኮሮላዬ አስሞላሁ። ክዳኑ ታሽጓል፤ ጋሎኑ ላይ 50 በ50 የተዘጋጀ (ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ግላይኮል የሚባለው ፀረ በረዶ ፈሳሽ)፣ ውሃ የማይጨመርበት እንደሆነ ተጽፏል። የተረፈውን ቤት አስቀመጥሁት።

ባለፈው ሳምንት ሰኮሩን አልፈን፣ ወደ ጊቤ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን የወልቂጤን ዳገት ስንጀምር የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተንፈቀፈቀ። እናቴ በዚያ ቆላ ሐሩር መንገድ ዳር ተቀምጣ መኪና ጎታች ስትጠብቅ ዋለች። ወልቂጤ ያለው መካኒክ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ራዲያተሩን ሲከፍተው የቡና አተላ የመሰለ የዝገት ውሃ ወጣ። የውሃውን ፍሰት የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ዝጎ ተጣብቋል፣ የውሃ ፓምፑ ተበልቷል፣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሎ ውሃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል። «እህቴ፣ ይህ ሞተር ኩላንት አልገባበትም» አለኝ።

ጅማ እንደተመለስሁ የተረፈውን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርሁት። ትክክለኛ 50 በ50 ኩላንት እስከ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ አይረጋም፤ የቤት ፍሪዘር ደግሞ የሚያወርደው እስከ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጠዋት ስከፍተው ድንጋይ የሆነ ቀይ በረዶ አገኘሁ።

በረዶውን ከነዕቃው ይዤ ወደ ሱቁ ሄድሁና ሰውየው ፊት አስቀመጥሁት። አየው። አልደነገጠም፤ ምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቀኝም። ወዲያው ገባው፤ እኔም የገባው መሆኑን ፊቱ ላይ አየሁ። ለአፍታ እጁ ወደ ገንዘብ መሳቢያው ሄደ፣ የሚመልስልኝም መሰለኝ። ከዚያ መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋውና ወደ ጓሮ ተጣራ፤ «ኑ፣ ጅማ በረዶ ገብቷል!» ልጆቹ ተንጋግተው መጡ። «እህቴ፣ መኪናሽን ፍሪጅ ውስጥ ነው እንዴ የምታሳድሪው? ለዚህ አገር ብርድ ኩላንት ምን ያደርጋል? በይ ባለቤትሽን ላኪው፤ የመኪና ነገር ከእሱ ጋር እንነጋገራለን።» በራሱ እጅ የሞላልኝ መካኒክም አብሮ ሳቀ። ደረሰኙን ሳወጣ የተጻፈው «ልዩ ልዩ ዕቃ» ብቻ ነው። «ኩላንት የሚል የታለ?» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ስለ ብርድ የተናገረው ለሚያምነው ሰው አደገኛ ነው። ኩላንት ከብርድ ብቻ አይደለም የሚከላከለው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ተራ ውሃ ክዳን በሌለው ድስት 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይህንን ከፍ ቢያደርገውም፣ ክዳኑ ያረጀ እንደሆነ ውሃ ብቻውን ብዙ አይታገሥም፤ ግላይኮል ያለበት ግን ቶሎ አይፈላም። ዋናው ጉዳይ ደግሞ ዝገት ነው። የእኔ መኪና ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ብረት፣ ቴስታታው አልሙኒየም ነው። ሁለቱ ባዶ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ይበላላሉ፤ የፀረ ዝገት ቅመሙ የሚጨመረው ለዚህ ነው። እኔ ይህንን ስነግረው ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። በረዶውንም ጋሎኑንም ይዤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

እናንተ ደግሞ ከመሙላታችሁ በፊት ጥቂቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፤ ከምግብ ይራቅ፣ ልጆችም አይንኩት፣ ትክክለኛው ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነውና። ቡና የሚመዘንበት ሚዛን ጅማ ውስጥ አይጠፋም፦ አንድ ሊትር 50 በ50 ኩላንት 1,070 ግራም አካባቢ ሲመዝን ውሃ 1,000 ነው። ቀለሙን አትመኑ፤ የአምራቹን መመሪያ እዩ፣ የተለያዩ ዓይነቶችንም አትቀላቅሉ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም ይጻፍ። ከፋሲካ ወዲህ እዚያ አካባቢ ያስሞላችሁ ካላችሁ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩት፤ ከደፈረሰ ወደ ጊቤ ከመውረዳችሁ በፊት አስደፉት።