ኢግራ በክፍል ውስጥ፦ ሁለት ገጹ ይበቃል

ኢግራ የሚባለው የንባብ መመዘኛ አገራችን ውስጥ በሰፊው የተሞከረው በ2002 ዓ.ም. ነው። የተዘጋጀው ለጥናት ነው። ደሴ፣ ሐይቅ ወይም ውጫሌ ያለ የአንደኛ ክፍል መምህር ለራሱ ልጆች ሲጠቀምበት ግን ሁለቱ ገጾች ዋጋ አላቸው፤ የፊደሉና የፈጠራ ቃላቱ (ትርጉም የሌላቸው፣ ለማስነበብ ብቻ የተፈጠሩ ቃላት)። ሙሉው ለአንድ ልጅ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ 60 ልጅ ላለበት ክፍል 15 ሰዓት ማለት ነው፤ የማይሆን ነገር።

የፊደሉ ገጽ 100 ፊደል አዘበራርቆ ያቀርባል። ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሀ ሁ ሂን በዜማ የሚወርድ ልጅ ጣቱ ‹‹ሂ›› ላይ ሆኖ አፉ ‹‹ሄ›› ቢደርስ ማንም አይነቃበትም። የኔታዎች ከፊደል ቆጠራ ቀጥለው የፊደሉ ቅደም ተከተል የተለወጠበትን አቡጊዳ የሚያስቆጥሩትም ለዚሁ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁን ለብቻው ያስቀምጡ፤ የሚያርሙበትን ወረቀት አያሳዩት። 60 ሴኮንድ ይያዙ። የሳተውን ይሰርዙ፤ ራሱ ካረመ እንደ ትክክል ይያዙለት። 3 ሴኮንድ ከቆመ ወደሚቀጥለው ያሳልፉት፤ ያለፈው እንደ ስህተት ይቆጠራል። የመጀመሪያዎቹን 10 በሙሉ ከሳተ ያቁሙ። 64 ደርሶ 9 ከሳተ ውጤቱ 55 ነው። መቶውን በ50 ሴኮንድ ጨርሶ 4 ከሳተ ደግሞ 96ን ለ50 አካፍለው በ60 ያባዙ፤ በደቂቃ 115 ገደማ ይመጣል።

ድክመቱ፣ 55 የሚለው ቁጥር ነገ ምን እንደሚያስተምሩ አይነግርም። ስለዚህ ከተሰረዘው ፊደል በላይ ልጁ ያለውን ይጻፉ። ሊን ሌ፣ ቲን ቴ የሚል ልጅ ችግሩ ሣልስና ኃምስ ላይ ነው፤ እግሩንና ቀለበቱን አልለየም። ሰን ሸ፣ ነን ኘ የሚለው ግን ከላይ ያለችውን ሰረዝ አላያትም። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ማጠናከሪያ መስጠት ድካም ብቻ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በዚህ ልጅ አይቀጣም።

ፎቶ ኮፒው ሌላ ጣጣ ነው። ቀለሙ ሲደፈርስ የሌ ቀለበት ይሞላና ሊ ይመስላል፤ ልጁ በማሽኑ ጥፋት ነጥብ ያጣል። ፊደሉን አተልቀው ያትሙ፤ ከኮፒ ላይ ኮፒ አያንሱ።

የፈጠራ ቃላቱ ገጽ ግምትን ያጋልጣል። ‹‹ዳቡ›› ተጽፎለት ‹‹ዳቦ›› ያለ ልጅ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ የቀረውን ከቤቱ አምጥቷል። ይህን በእውነተኛ ቃል አያገኙትም።

በሙሉው መመዘኛ ውስጥ ያለውን ምንባብ እንደ ፈተና አልመክረውም፤ ለልምምድ ግን ይሆናል። ‹‹ከቤት›› የሚለውን ‹‹ተቤት›› ብሎ ያነበበ የወሎ ልጅ በአገሩ አነጋገር አነበበው እንጂ አልሳተም፤ አይሰረዝበትም።

ሁለቱ ገጾች ከማስቀመጡ ጋር 4 ደቂቃ ቢወስዱ 60ው ልጅ በ4 ሰዓት ያልቃል፤ ለሳምንት ቢከፋፈል አይከብድም። በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰምቶ እንዳይሸመድድ ቅደም ተከተሉ የተለወጠ ሁለተኛ ቅጂ ይኑርዎት። ከሚሴ ዙሪያ በአፋን ኦሮሞ ለሚማሩት ግን ይህ ወረቀት አይሆንም፤ እነሱ የሚያነቡት በቁቤ ስለሆነ በቋንቋው የተዘጋጀውን ይጠቀሙ።